ለአራስ ጥየቃ ጀርመን ለሚሄዱ እናት፦ ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ቋንጣ... ከሻንጣው የቱ ያልፋል?

የሰኞ_ገበያ፦
እንዴት ናችሁ ጀማው። ከደሴ ተነስተው፣ ከኮምቦልቻ በቦሌ አድርገው ፍራንክፈርት ለአራስ ጥየቃ የሚሄዱ እናት አሉ። ትኬታቸው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል። የታሰበው ይህ ነው፦ ንጥር ቅቤ 4 ኪሎ፣ ማር 5 ኪሎ፣ በርበሬ 6 ኪሎ፣ ሽሮ 4 ኪሎ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ ቋንጣ 2 ኪሎ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቡና፣ አንድ እስር ጤና አዳም፣ ለአራሷም የሀበሻ ቀሚስ። ከዚህ ሌላ ጎረቤት "ለልጄ አድርሱልኝ" ብሎ አፉን ሰፍቶ የሰጣቸው ጥቅል አለ። ቁርጡን የሚያውቅ ይንገረን። እዚያ ደርሰው ከሚጨነቁ እዚሁ ይቀነስ።

ጦሳ_ግርጌ፦
ቅቤው፣ ቋንጣው እና ጭኮው ደሴ ይቅሩ። የአውሮፓ ህብረት ከአባል አገራቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ስጋና ወተት፣ የስጋና የወተት ውጤትም ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ግማሽ ኪሎም ቢሆን አይፈቀድም፤ "ለራሴ ነው"፣ "ለአራስ ነው" ማለትም አይረዳም። ሕጉ የሚያየው ዕቃው ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው። ጭኮ ስሙ የገብስ ምግብ ነው እንጂ ቅቤ የጠጣ ነው፤ እንደ ቅቤ ይያዛል። በቅቤ የታሸ በርበሬም እንዲሁ።

ማር ይፈቀዳል፣ ግን በሰው 2 ኪሎ ነው። 5 ኪሎ ከያዙ ትርፉን 3 ኪሎ ሊወስዱባቸው ይችላሉ። ዳቦ ቆሎ ችግር የለበትም፤ ዳቦ፣ ኬክና ብስኩት ስጋ እስከሌለበት ድረስ ከክልከላው ውጭ ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄትና የተቆላ ቡና የደረቁ የእህልና የቅመም ውጤቶች ስለሆኑ ለቤት በሚሆን መጠን ይገባሉ። በርበሬው 6 ኪሎ ለአንድ ቤት በዛ አይባልም። ሠላሳ ኪሎ ቢሆን ግን ንግድ ይመስላል፤ ከኢትዮጵያ ለንግድ በሚገባ ቅመም ላይ ደግሞ የአፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ምርመራ አለ።

ጤና አዳሙ እርጥብ ቅጠል ነው። ሕያው የሆነ የተክል ክፍል የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይፈልጋል። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆኑት አምስት ፍሬዎች ብቻ ናቸው፦ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ተምር። ስለዚህ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ያለ ሰርተፊኬት አይገቡም። ሰርተፊኬቱን በእኛ አገር የሚሰጠው የግብርና ባለሥልጣን ነው፤ ለአንድ እስር ጤና አዳም ያን ያህል መድከም አያዋጣም።

ባቲ_መንገድ፦
@ጦሳ_ግርጌ ቅቤውን ሦስቴ አንጥረው በደንብ ካበሰሉት ጀርም ይኖረዋል እንዴ? ብዙ ሰው ይዞ እየገባ ነው እኮ።

የከብት_ሐኪም፦
ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በደንብ ላስረዳ። የሚፈሩት ሰውን የሚያሳምም ጀርም አይደለም። በዋናነት አፍተግር ነው። አፍተግር ሰውን እምብዛም አይነካም፣ የቀንድ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና አሳማ ግን እንደ እሳት ይፈጃል። እኛ አገር በየጊዜው ስለሚከሰት ገበሬው ለምዶታል፤ ከብቱ ምራቁን ያዝረበርባል፣ ያነክሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ አብዛኛው ያገግማል። እነሱ ዘንድ ግን አንድ በረት ውስጥ ከተገኘ በዙሪያው ያለው እንስሳ ሁሉ ይታረዳል፣ የስጋና የወተት ንግዱም ይዘጋል። እንግሊዝ በ2001 እ.ኤ.አ. ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳ ያረደችው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ጀርመን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በርሊን አጠገብ ጎሾች ላይ ሲገኝባት ወዲያው እንስሳዋንና የእንስሳ ውጤቷን የማይቀበሉ አገሮች በዙ። ከዚያ ሃንጋሪና ስሎቫኪያም ገባ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ የጉምሩክ ሠራተኛ ቅቤ ሲያይ አይራራም።

የአፍተግር ቫይረስ ቀላል ማፍላትን ሊቋቋም ይችላል። ስጋ ሲደርቅና ሲኮመጥጥ ጡንቻው ውስጥ ያለው ይሞታል፤ መቅኒና ንፍፊት ውስጥ የተደበቀው ግን ይቆያል። ቋንጣን "ደርቋል እኮ" ብሎ ማለፍ የማይቻለው ለዚህ ነው። ማንጠር ቅቤውን ያሻሽለዋል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ኬላ ላይ የቆመው ሰው ስንት ሰዓት እንደተነጠረ የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ሕጉ በጥሬና በንጥር መካከል ልዩነት አላደረገም።

ጦሳ_ግርጌ፦
@ባቲ_መንገድ "ብዙ ሰው ይዞ እየገባ ነው" የሚለው አይካድም። ሁሉም ሻንጣ አይከፈትም፤ ያለፈው የተፈቀደለት ስለሆነ ሳይሆን ስላልተከፈተ ነው። ልዩነቱ ሲከፈት ይታያል። ፍራንክፈርት ከሻንጣ መረከቢያው ስትወጣ ሁለት መውጫ አለ፣ አረንጓዴና ቀይ። በአረንጓዴው መራመድ ራሱ "የማሳውቀው ዕቃ የለኝም" ብሎ መፈረም ማለት ነው፤ አፍህን ባትከፍትም ቃል ሰጥተሃል። እዚያ ላይ ቅቤ ቢገኝ ዕቃው ተወስዶ ይወገዳል፣ በላዩ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። በቀዩ ገብቶ "ይህ ይፈቀዳል?" ብሎ ለጠየቀ ቢከፋ ዕቃው ነው የሚቀረው። እኚህ እናት ቋንቋው ስለማይገባቸው፣ የያዙት ምግብ በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአንድ ወረቀት እጃቸው ላይ ይሁን፤ በቀዩ ገብተው ወረቀቱን ያሳዩ። ልጃቸው አንድ ገጽ ጽፋ በስልክ ብትልክላቸው ይበቃል።

አራዳ_ሠፈር፦
ቀሚሱስ? ጥበቡ ውድ ነው።

ጦሳ_ግርጌ፦
በአውሮፕላን ለሚገባ መንገደኛ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ዕቃ ጣሪያ 430 ዩሮ ነው። ስጦታም ይቆጠራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ዕቃ አይከፋፈልም። ቀሚሱ 500 ዩሮ ካወጣ 70ው ብቻ ሳይሆን ሙሉው 500 ይቀረጣል። ሁለት መንገደኞች አብረው ቢሄዱ የሁለቱን ጣሪያ ደምረው ለአንድ ቀሚስ ማዋል አይችሉም። ደረሰኝ ከሱቁ ይያዝ፤ ደረሰኝ ከሌለ ሠራተኛው በራሱ ይገምታል፣ ግምቱም ከገበያው በላይ ሊሆን ይችላል። የራሳቸው የሚለብሱት ልብስና አንገታቸው ላይ ያለው ወርቅ ይዘውት ተመልሰው የሚመጡት የግል ዕቃ ስለሆነ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። አምስት አዲስ ቀሚስ ከነላስቲኩ ከተገኘ ግን ማንም የግል ነው ብሎ አይቀበልም።

ገንዘብ ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ ይመዘገባል። መያዙ አልተከለከለም፣ አለማሳወቁ ነው የሚያስቀጣው።

ካርጎ_ኮምቦልቻ፦
ስለ አስተሻሸጉ እኔ ልጨምር፤ ብዙ ዕቃ የሚበላሸው በሕጉ ሳይሆን በአስተሻሸግ ነው።

በርበሬ ከወፍጮ ቤት ሲወጣ ትኩስ ነው። ትኩሱን በላስቲክ ካሰሩት ውስጡ ያልባል፣ ላቡ ዱቄቱን ያረጥባል፣ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። ሰፌድ ወይም ንጹህ አንሶላ ላይ ተዘርግቶ እስኪበርድ ይጠበቅ፣ በደንብ ቢሆን አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ በኪሎ በኪሎ ይከፋፈል። ስድስቱን ኪሎ በአንድ ትልቅ ላስቲክ ማሰር ትልቅ ስህተት ነው፤ በኤክስሬይ ላይ ወፍራምና ወጥ የሆነ የዱቄት ጡብ ሆኖ ስለሚታይ ሻንጣውን ያስከፍታል። አንድ ኪሎው በሚቆለፍ ላስቲክ ይግባ፣ አየሩ ተጭኖ ይውጣ፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጥፎ ይስተካከል፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ ይደረብ። በሁለቱ ላስቲኮች መካከል ወረቀት ይግባ፦ ስሙ፣ ውስጡ ያለው (ቀይ በርበሬ፣ ጨው፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት...) እና ክብደቱ፤ ከአማርኛው ሥር በእንግሊዝኛ። ሽሮውና በሶውም እንዲሁ። ሁሉም ዱቄት በአንድ በኩል ይቀመጥ እንጂ በቻርጀርና በሬዲዮ መካከል አይጠቅጠቅ፤ ሽቦና ዱቄት አብረው ሲታዩ ፈታሹ ይደነግጣል።

ማር በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። እጅ ሻንጣ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያልፍም፤ አዋዜም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። 2 ኪሎ ማር አንድ ነጥብ አራት ሊትር ገደማ ስለሚሆን ሁለት የአንድ ሊትር ዕቃ ይበቃዋል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ተትቶ። ለመንገድ የሚሻለው የረጋ ነጭ ማር ነው፤ ቢገለበጥም አይፈስም። ቀጭን ማር፣ በተለይ ውሃ የነካው፣ ሙቀት ሲያገኝ ይፈላል፣ ክዳኑን ገፍቶ ልብስ ያበላሻል። ክዳኑ በፕላስተር ይዙር፣ ዕቃው በሁለት ላስቲክ ይጠቅለል፣ መሃል ላይ በልብስ ታቅፎ ይቀመጥ። ሰፈፉ ቢወጣ ይሻላል።

የቤት ሚዛን ከሌለ ከኮምቦልቻ ከመነሳት በፊት እህል ሻጭ ጋ ይመዘን። አንዱ ሻንጣ 26፣ ሌላው 19 ሆኖ "ድምሩ 45 ነው" ማለት አያዋጣም፤ የሚመዘነው እያንዳንዱ ነው። ሌላው፦ የኮምቦልቻው በረራና የፍራንክፈርቱ በተለያየ ትኬት ከተቆረጠ ሻንጣውን ቦሌ ተረክቦ እንደገና ማስረከብ አለ። በአንድ ትኬት ከሆነ ጫፍ ድረስ ይለጠፍላቸው፤ ኮምቦልቻ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብበው "ፍራንክፈርት" የሚለውን ይዩ።

ሆጤ_ልጅ፦
ስለ አብሽ አልተነገረም። እሱ ለአራስ ዋናው ነው።

ጦሳ_ግርጌ፦
ይቅርታ፣ ዘለልኩት። አብሽ ቆልተው ፈጭተው ይያዙት። ፍሬው እንዳለ ሲሆን ሊበቅል ስለሚችል ዘር ነው ወይስ ምግብ ነው የሚል ክርክር ውስጥ ይገባል፤ ለዘር የሚሆን ሁሉ ሰርተፊኬት ይጠይቃል። ደግሞ ጀርመኖች ለአብሽ የተለየ ትዝታ አላቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው የገደለው የኢ ኮላይ ወረርሽኝ የተያያዘው ከግብፅ ከገባ፣ ለማብቀል ከዋለ የአብሽ ፍሬ ጋር ነበር። የተፈጨ ከሆነ ጥያቄው ሁሉ ይቀራል። ጌሾ ደረቅ ቅጠል የሚወስድም ካለ ከጫት ጋር ይመሳሰላልና ደቅቆ፣ ስሙ ተጽፎበት ይሂድ።

ሐይቅ_ዳር፦
የተሰፋው ጥቅል ላይ እናንተ ዝም ብላችሁ አለፋችሁ፤ ለእኔ ከቅቤውም ከቋንጣውም በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ወላሂ ልለምናችሁ፣ አፉ የተሰፋ ነገር አይያዙ። ኤርፖርት ሻንጣ ሲያስረክቡ "ሻንጣውን ራስዎ ነው ያሸጉት?" ተብለው ይጠየቃሉ። "አዎ" ካሉ ውስጡ ያለው ሁሉ የእሳቸው ነው። አደራ በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር መሆኑን ስለማውቅ ነው የምለው፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል፣ ጎረቤት ይቀየማል። ስለዚህ እምቢ አይበሉ፣ "አምጡት፣ አብረን እንክፈተው" ይበሉ። በሶው በወንፊት ይነፋ፣ ዳቦው ይቆረስ፣ የጫማው ሶል ይታይ፣ የሳሙናው ካርቶን ይከፈት። ንጹህ ሰው በዚህ አይቀየምም። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው መልሰው ያሽጉት፣ ላኪው እያየ።

ምክንያቱ ጫት ነው። ትኩሱም፣ የደረቀውም፣ የተፈጨውም። ጀርመን አደንዛዥ ዕፅ ነው። እንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ሆላንድ ከዚያ በፊት በ2013። አሜሪካም ውስጡ ባለው ካቲኖን በሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ምክንያት ይከለክላል። እኛ ሰፈር በየደጁ የሚሸጥ ቅጠል እዚያ ወንጀል መሆኑን ብዙ እናት አታውቅም፤ ላኪውም አንዳንዴ ከልቡ አያውቅም።

የሰኞ_ገበያ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይረን። ጥቅሉን አስከፍተነዋል፤ በርበሬ፣ ነጠላ እና አንድ ኪሎ ቅቤ ነው የወጣው። ቅቤው ተመለሰ። አብሽሩ፣ ጎረቤትም አልተቀየመም። ሌላ ጥያቄ፦ ለሳዑዲና ለዱባይ ሕጉ አንድ ነው? ከእኛ አካባቢ የሚበዛው ወደዚያ ነው።

ሐይቅ_ዳር፦
አንድ አይደለም። እዚያ ስጋቱ የእርባታ በሽታ ሳይሆን መድኃኒት፣ ጫትና ክታብ ነው። ሳዑዲ ጫት መያዝ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ነው፣ ፍርዱም ከባድ ነው፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። አልኮልና የአሳማ ውጤት አይገባም። ክታብና ጽሑፍ ያለበት መጠቅለያ፣ ስሙ የማይታወቅ ሥራ ሥርና ዱቄት ከጥንቆላ ጋር ተያይዞ ሊያስከስስ ስለሚችል አንገት ላይ ያለው ሳይቀር ቤት ይቅር።

መድኃኒት ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ ፕሪጋባሊን... እዚህ ሐኪም ለሕመም የሚያዛቸው ናቸው፣ እዚያ ግን ቁጥጥር የሚደረግባቸው። ክኒኑን ከካርቶኑ አውጥቶ በፌስታል መቋጠር ጉዳዩን ያባብሰዋል። ካርቶኑ፣ ላዩ ላይ የታካሚው ስም፣ የሐኪሙ ማዘዣ በእንግሊዝኛ አብረው ይሂዱ። ለኤምሬትስ እነዚህን መድኃኒቶች የሚይዝ ሰው ከመነሳቱ በፊት በመንግሥታቸው ድረ ገጽ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ገንዘብ ደግሞ ኤምሬትስ ላይ ከ60,000 ድርሃም በላይ ከሆነ ይመዘገባል።

ወሎዬ_ቨርጂኒያ፦
የአሜሪካውንም ለሚፈልግ፦ ምግብ ሁሉ ይነገራል፣ ሕጉ አጭር ነው። የሚፈቀድም ቢሆን ይነገራል። ዳቦ ቆሎ ይዞ "ምግብ አልያዝኩም" ማለት ቋንጣ ይዞ "ቋንጣ አለኝ" ከማለት ይብሳል፤ የመጀመሪያው ውሸት ነው፣ ሁለተኛው ላይ ዕቃው ብቻ ይጣላል። ምግብ ሳያሳውቁ ማለፍ እስከ 10,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ትንንሽ ውሾች ሻንጣ እያሸተቱ ይዞራሉ፤ ቋንጣ ለነሱ ድብቅ አይደለም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ዱቄት ነው። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል፣ ፈታሹ ካልረካ ይቀራል። 350 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ያህል ነው። ስለዚህ በርበሬም በሶም ሽሮም በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ። ቡና ጥሬውም የተቆላውም ይገባል፣ ፍሬው ላይ ሥጋው እስካልቀረ ድረስ፤ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ብቻ ጥሬውን አይቀበሉም።

በተጨማሪ ሻንጣው አሜሪካ መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ይወሰዳል፣ ጉምሩክ ይታያል፣ ከዚያ ለቀጣዩ በረራ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ከተማ ቢሆንም። አውሮፓ ተቃራኒ ነው፦ የተጫነው ሻንጣ የሚፈተሸው የመጨረሻው የአውሮፓ ኤርፖርት ላይ፣ የእጁ ሻንጣ መጀመሪያ በገቡበት ነው።

ባቲ_መንገድ፦
አሁን ገባኝ። ከአያት የቆየ የብር መስቀልና የብራና ዳዊት ይዤ ልሂድ የሚል ዘመድ ነበር፤ ይህስ?

ጦሳ_ግርጌ፦
እዚያ ከመድረሱ በፊት ቦሌ ላይ ነው የሚያዝበት። ቅርስ ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ 209 የተከለከለ ነው። ከገበያ የተገዛ አዲስ መስቀልም ቢሆን አሮጌ ከመሰለ አዲስ አበባ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ወረቀት ይዞ መሄድ ጭንቀት ያቀላል። የብራና መጽሐፉ ግን አይታሰብ። የነብር ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም እዚያው ያበቃል፤ ወረቀት ለማውጣት መሞከርም ዋጋ የለውም።

አራዳ_ሠፈር፦
ቅቤው ለአራሷ የግድ ከሆነ በፖስታ ቢላክስ?

ጦሳ_ግርጌ፦
ክልከላው በፖስታም ያው ነው፤ ስጋና ወተት አይገባም። የሚፈቀደውም ዕቃ በፖስታ ሲሄድ 430ው ቀርቶ ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ 45 ዩሮ ድረስ ብቻ ነው ከቀረጥ ነፃ የሚሆነው። ለቅቤው መፍትሔው እዚያው ነው። ልጅቷ ጨው የሌለበት ቅቤ ከሱፐርማርኬት ትግዛ፤ እናቷ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ አብሹን አድርቀውና ፈጭተው ይውሰዱላት። ማንጠሪያው ቅመም በደረቁ ያለ ችግር ይገባል፣ ጀርመን ምድጃ ላይ ይነጠራል። ለአንድ ኪሎ ቅቤ የሚሆነው ቅመም ለየብቻው በትንሽ በትንሽ ተቋጥሮ፣ ስሙ ተጽፎበት ይሁን፤ እዚያ የኮሰረትን ሽታ የሚለይ የለም።

የሰኞ_ገበያ፦
የመጨረሻው ዝርዝር ይኸው፦ ማር 2፣ በርበሬ 6፣ ሽሮ 4፣ በሶ 3፣ የገንፎ ዱቄት 4፣ ዳቦ ቆሎ 3፣ የተቆላ ቡና 2፣ የቅቤ ቅመምና አብሽ ተፈጭቶ 1 ኪሎ፣ ቀሚሱ ከነደረሰኙ። በተረፈው ኪሎ ድርቆሽ ልንጨምር ነው፤ እሱ ይፈቀዳል አይደል?

ካርጎ_ኮምቦልቻ፦
ድርቆሽ ይገባል፣ የደረቀ እንጀራ ነው። ብቻ ፍርፍሩ በቋንጣና በቅቤ የተሠራው እንዳይሆን። በደንብ ይድረቅ፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ትንሽ እርጥበት ከቀረበት መንገድ ላይ ይሻግታል። ከላይ ይቀመጥ፣ ከማሩ ሥር እንዳይሆን።